የኑሮ ውድነትና የጤና ልዩነት በሀዋሳ፦ ዋጋው አንድ ሆኖ ጉዳቱ ለምን ይለያያል?

ስለ ኑሮ ውድነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት አባባል አይጠፋም። አንዱ ከሪፖርት የሚመጣው "የዋጋ ንረት እኮ ቀንሷል" የሚለው ነው፣ ሌላው ደሞ ባጃጅ ውስጥም ካፌም የሚሰማው "አሁን እኮ ሁሉም ነው የተቸገረው፣ ሀብታም ደሃ የለም" የሚለው ነው። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፣ ግን ሁለቱ ሲደራረቡ አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናሉ። የዘይት ዋጋ ሲጨምር አንዱ ቤት የሚቀነሰው የቁጠባ ብር ነው፣ ሌላው ቤት የሚቀነሰው የልጆቹ እንቁላል ነው፣ ሦስተኛው ቤት የሚቀነሰው ደሞ የእናትየው የግፊት መድኃኒት ነው። ሦስቱም ቤት "ተቸግረናል" ይላሉ፣ ዋሹ አይባልም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም።

ባለሙያዎቹ ይሄን የጤና ልዩነት ወይም የጤና ኢፍትሃዊነት ይሉታል። በእድሜ ወይም በተፈጥሮ የሚመጣውን ማለታቸው አይደለም፣ ሰው በገቢው፣ በሚኖርበት ሰፈር፣ በሚሰራው ስራ ምክንያት ብቻ የሚመጣውን ሊቀር ይችል የነበረ መበላለጥ ነው የሚሉት። እዚህ ላይ ነገሩን ሀዋሳን ይዘን እናየዋለን፣ ምክንያቱም ሐይቅ ዳር ካለው ሪዞርት ተነስቶ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰራተኞች የሚከራዩት ክፍል ድረስ በባጃጅ ብዙ አያስኬድም፣ በጤና ሲለካ ግን ርቀቱ ሌላ ነው።

"ቀነሰ" የተባለው ምኑ ነው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ ቢደናገርም አይፈረድበትም። የዋጋ ንረት ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። በ2014 የመጨረሻ ወራት ዓመታዊ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። እንግዲህ በ100 ብር ይገዛ የነበረ እቃ 30 በመቶ ሲጨምርበት 130 ይሆናል፣ በቀጣዩ ዓመት ንረቱ "ቀንሶ" 14 በመቶ ቢሆን 130ው ወደ 148 ይሄዳል እንጂ ወደ 100 አይመለስም። ሪፖርቱም ትክክል ነው፣ ገበያ ደርሳ የመጣችውም ሴትዮ ትክክል ናት፣ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

ሌላው ቁጥሩ አማካይ መሆኑ ነው። ንረቱ የሚሰላው አንድ አማካይ ቤተሰብ ይገዛዋል ተብሎ በተያዘ የእቃና የአገልግሎት ዝርዝር ነው፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው። ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እንደ ፈረንጆቹ በ1857 ያስተዋለው ነገር ደሞ እስካሁን ይሰራል፦ የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ስለዚህ ምግብ ከሌላው በላይ በሚወደድበት ጊዜ ደሃው ቤት የሚኖርበት ንረት በዜና ከሚነገረው ይበልጣል ማለት ነው። ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ የምትተርፈው ብር ናት የህክምና የምትሆነው፣ ቅድሚያ የምታልቀውም እሷው ናት።

መጀመሪያ የሚነካው ሳህኑ ነው

የኑሮ ውድነት ጤናን የሚጎዳው ሆስፒታል በር ላይ ይመስለናል፣ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ማዕድ ላይ ነው የሚጀምረው። ቤተሰብ ሲቸግረው ወዲያው ምግብ አያቆምም፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምግቡን መቀየር ነው። ወተት ይቀራል፣ እንቁላል ለበዓል ይሆናል፣ ፍራፍሬ ሲታመሙ ብቻ የሚገዛ ነገር ይሆናል፣ ሹሮው ይቀጥናል፣ ጤፉ ከሩዝና ከበቆሎ ይደባለቃል፣ ቆጮው ይበዛል። ቆጮ ስንት ሚሊዮን ሰው ያኖረ ምግብ ነው፣ ድርቅም ይችላል፣ ግን ጉልበት ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ድሮም ከወተት፣ ከአይብና ከጎመን ጋር የሚበላው በምክንያት ነው። አጃቢው ሲቀር ሆድ ይሞላል ሰውነት ግን ይጎድለዋል። ይሄን ነው የስነ ምግብ ባለሙያዎች "ስውር ረሃብ" የሚሉት፣ ሰውየው በልቶ አድሯል ግን ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ የመሳሰሉት አልገቡም።

አሳው ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። ሐይቁ ደጅ ላይ ነው፣ አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ቆሮሶና አምባዛ ይወጣል፣ ግን ዋጋውን የሚወስነው የሰፈሩ ሰው አቅም ሳይሆን ሆቴሉ፣ ጎብኚውና ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው ነጋዴ ነው። ሐይቅ አጠገብ መኖር ብቻውን አሳ አያበላም።

የዚህ ጉዳት ትልቁ የሚያርፈው ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ላይ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት የሚባለው። በዚህ ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ቁመቱ ከእድሜው ያንሳል፣ መቀንጨር ይባላል፣ ጉዳቱ ግን ቁመት ላይ ብቻ አይቆምም አእምሮ እድገት ላይም ይደርሳል፣ በኋላ ቢበላም ሙሉ ለሙሉ አይመለስም። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፣ በደሃና በሀብታም ቤተሰብ መሃል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። ዛሬ ወተት የቀረበት የሁለት ዓመት ልጅ ዋጋ ከረከሰ በኋላ የሚካስበት መንገድ የለም።

አዋቂው ላይ ደሞ ነገሩ በተቃራኒ ይመጣል። ርካሹ ምግብ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ነጭ ዳቦና የሚረጋው ዘይት ነው፣ የሚረጋው ዘይት ደሞ ለልብና ለደም ስር ጥሩ ያልሆነው የቅባት አይነት የሚበዛበት ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅና ስኳር ወይም ግፊት ያለባት እናት አብረው ይገኛሉ። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው የሚባለው ነገር ከተማ ውስጥ እየቀረ ያለ ወሬ ነው።

ክፍሉ፣ ውሃው፣ ከሰሉ

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ሀዋሳን ቀይሯታል። ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ደሞዝ ፍለጋ መጡ። በ2011 የወጣ የውጭ ጥናት የጀማሪ ሰራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ሲገልጽ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የብር መጠኑ ጨምሯል፣ ግን ለግል ሰራተኛ የሚሆን አገር አቀፍ የደሞዝ ወለል የለም፣ የ2011ዱ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያስቀምጥም ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። በታህሳስ 2014 ደሞ አገሪቱ ከአጎአ (የአፍሪካ እቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ የሚገባበት እድል) ስትታገድ ስራ ያጡ ብዙ ናቸው።

ይሄ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል? ኪራይ ሲወደድ ገቢው ያነሰ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፣ ወይ ደባል መጨመር ወይ ወደ ዳር መውጣት። ደባል ሲጨመር አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው፣ ሌሊት ፈረቃ የገባችው ስትመጣ ቀን ፈረቃዋ የምትነሳበት ኑሮ ይሆናል። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ እሱም ለሌባ ተብሎ ይዘጋል። ቲቢ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ አንዷ ብትስል ሌሎቹ ሦስቱ አብረው ናቸው። ወደ ዳር መውጣቱ ደሞ፣ ወደ ቱላ ወይ ወደ ዳቶና ጨፌ አካባቢ ማለት ነው፣ ኪራይ ይቀንሳል ግን ከጤና ጣቢያም ከስራም ያርቃል፣ በኪራይ የተረፈው በትራንስፖርት ይሄዳል።

የ2016ቱ የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ (1320/2016) ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም በመንግስት በሚወሰን ጣሪያ እንዲሆን ይላል፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጊቢ ውስጥ በቃል የምትከራይ አንዲት ክፍል ጋ ህጉ እንዴት ይደርሳል የሚለው ገና አልተመለሰም፣ ውል ይጻፍልኝ ያለች ተከራይ ክፍሉን ልታጣ ትችላለች።

የውሃው ነገር ሲጨመር ይብሳል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከር ያለው ቤት ጭራሽ አይሰማውም፣ ታንከር የሌለው በጀሪካን ይገዛል፣ በሊትር ሲሰላ ደሃው የሚጠጣው ውሃ ከሀብታሙ የተወደደ ነው። ልብስ ሐይቅ ዳር ወስዶ ማጠብ ወጪ ይቀንሳል፣ ግን የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንዳለበት በጥናት የታወቀ ነው፣ ውሃው ውስጥ ብዙ የሚቆሙት ደሞ አጣቢዎች፣ አሳ አጥማጆችና ልጆች ናቸው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድም (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) ሌላ ጣጣ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፣ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ፣ የታሸገ ውሃ መግዛት የማይችለው ያገኘውን ነው የሚጠጣው።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ሲደራረብ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስል የነበረው ወደ ከሰል ይመለሳል፣ ከሰል በጠባብ ክፍል ውስጥ ደሞ ለህጻናት የሳንባ ምች አንዱ መነሻ ነው።

"ሲያመኝ እወስዳታለሁ"

የእናቶችና ህጻናት ጤና ላይ የሚሰሩ ሰዎች "ሦስቱ መዘግየቶች" የሚሉት ነገር አለ። አንደኛ፣ ልታከም ብሎ ለመወሰን መዘግየት። ሁለተኛ፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት። ሦስተኛ፣ ከደረሱ በኋላ ህክምናውን ለማግኘት መዘግየት። የኑሮ ውድነት ሦስቱንም ያረዝማል፣ ግን በጣም የሚያረዝመው የመጀመሪያውን ነው፣ ሲያረዝመውም ማንም አያይም።

ለምሳሌ በየትኛውም ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት በር ላይ ትንሽ ቢቆም የሚሰማ ንግግር አለ።

"አንዷን ስትሪፕ ብቻ ስጪኝ ልጄ።"

"እማማ፣ የወሩ እኮ ሦስት ስትሪፕ ነው፣ በየቀኑ ነው የሚወሰደው።"

"አውቃለሁ፣ ለጊዜው ይቺ ትበቃኛለች። ሲያመኝ እወስዳታለሁ።"

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች መጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የደም ግፊት አያምም፣ ችግሩ ይሄው ነው። ራስ ምታት እስኪመጣ ከተጠበቀ መድኃኒቱ ስራውን አይሰራም፣ አስር ፍሬ ኪኒን ለወር ተዘርግታ ብትወሰድ ደሙ አንዴ ይወርዳል አንዴ ይወጣል፣ ከዓመታት በኋላ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ድካም ሆኖ ይመጣል። በወር የቀሩትን ሁለት ስትሪፕ አምሎዲፒን (የግፊት መድኃኒት) ያልገዛ ቤተሰብ ያኔ የሽባ ሰው አስታማሚ ወይም የኩላሊት እጥበት ከፋይ ይሆናል፣ እጥበቱ ደሞ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እድሜ ልክ የሚደረግ ነው። የስኳር ታማሚም እንደዚሁ ነው፣ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ስኳር መለኪያው የደም መፈተሻ ስትሪፕ ይፈልጋል፣ ምግብ በሰዓቱ ይፈልጋል፣ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይሰራም።

ሌላው የተለመደው ነገር ካርድ ሳያወጡ ቀጥታ መድኃኒት ቤት መሄድ ነው። የካርድ፣ የላብራቶሪ፣ የትራንስፖርት፣ የቀረ የቀን ስራ ተደምሮ ሲታይ ሰውየው ቀጥታ ሄዶ ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ሻል ሲለው ያቆማል። ስንፍና አይደለም፣ ኪሱ የሚፈቅደው ሂሳብ ነው። ግን ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ተቆራርጦ ሲወሰድ ጀርሙ ይላመደዋል፣ የተላመደው ጀርም ደሞ ሀብታም ደሃ ብሎ አይመርጥም።

እዚህ ጋ አንድ የልኬት ነገር መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሌሎችም ለዓመታት ሲጠቀሙበት በቆየው መለኪያ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው 10 በመቶ በላይ ለህክምና ከከፈለ "አውዳሚ የጤና ወጪ" ደረሰበት ይባላል። በወር 12,000 ብር የሚያወጣ ቤት ለህክምና ከ1,200 ብር በላይ ካወጣ እዚህ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ጥሩ መለኪያ ነው ግን አንድ ትልቅ ጎዶሎ አለው፣ ገንዘብ አጥተው ጭራሽ ያልታከሙትን አይቆጥርም። እማማ አንዷን ስትሪፕ ብቻ ገዝተው ሲሄዱ ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ በዚህ መለኪያ ሲታዩ "ያልተጎዱ" ናቸው። እናም ኑሮ በጣም ሲከብድ፣ ሰው መታከም ስለሚያቆም፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ የተሻሻለ ሊመስል ይችላል። ሪፖርት ስናነብ ይሄን ካልያዝን እንሳሳታለን።

መድኃኒቱ ለምን ተወደደ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከዚያም መጨመሩን ቀጠለ። አብዛኛው መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ኬሚካልና የህክምና መሳሪያ መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ሄደ። አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ዋናው ጥሬ እቃው ከውጭ ነው። በ2017 አጋማሽ ላይ ደሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ሲያልፍ የባጃጁም የጭነቱም ታሪፍ ተከትሎ ወጣ።

ለውጡን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሱት ቀላል ክርክር አይደለም። ከዚያ በፊት ዶላር ስለማይገኝ መድኃኒቱ ጭራሽ ይጠፋ ነበር፣ አስመጪው ተራ እየጠበቀ ወራት ይቆያል፣ የተገኘው ደሞ በጥቁር ገበያ ሂሳብ ይሸጣል፣ ስለዚህ "በይፋ ርካሽ" የነበረው ዋጋ ለብዙ ሰው የወረቀት ዋጋ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፣ ያኔ የልብ መድኃኒት ፍለጋ ከሀዋሳ አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎሜትር ሰው የሚላክበት ጊዜ ነበር። መንግስትም ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚቀጥል ተናግሯል። ጥያቄው ግን "ከሚጠፋ ተወዶም ቢገኝ ይሻላል" የሚለው ለማን ነው የሚሻለው ነው። መክፈል ለሚችለው በእርግጥ ተሻሽሏል፣ ድሮ ያጣውን አሁን ያገኛል። መክፈል ለማይችለው መደርደሪያው ባዶ ሆነ ሙሉ ሆነ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ለውጡ አማካዩን ሊያሻሽል ልዩነቱን ደሞ ሊያሰፋ ይችላል፣ ሁለቱ አይጣረሱም።

መድን አለ አይደል እንዴ?

አለ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ደረጃ በ2003 ተጀምሮ አሁን በጣም ሰፍቷል፣ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ በመንግስት ጤና ተቋም ይታከማል፣ መክፈል የማይችሉትን ደሞ መንግስት ይሸፍንላቸዋል። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ እቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና በመርህ ደረጃ ነጻ ናቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ባይኖር ኖሮ አሁን ያለው ውድነት ስንት ቤት ያፈርስ ነበር።

ግን ሽፋኑ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ካርዱ አለ መድኃኒቱ የለም። ሐኪሙ ያያል፣ ወረቀት ይጽፋል፣ ፋርማሲው "የለም፣ ከውጭ ግዙ" ይላል፣ ውጭ ደሞ ካርዱ አይሰራም። መድኃኒት ሲወደድ የሆስፒታሉ በጀት በዚያው ብር የሚገዛው ትንሽ ስለሚሆን "የለም" የሚለው መልስ ይበዛል።

ሁለተኛው የነዋሪነት ነገር ነው። አባልነቱ በቤተሰብና በቀበሌ ነው የሚመዘገበው፣ በየስድስት ወሩ ክፍል የሚቀይር ተከራይ፣ መታወቂያው የገጠር ቀበሌ የሆነ፣ ጉልት የምትሸጥ ወይም የቀን ስራ የሚሰራ ሰው ከተማው ውስጥ እየኖረ ከተማው መዝገብ ላይ የለም።

ሦስተኛው ብዙም ሲነገር አይሰማም፣ ለሀዋሳ ግን ዋናው ይመስለኛል። ማህበረሰብ አቀፉ መድን የተሰራው መደበኛ ደሞዝ ለሌለው ሰው ነው። ለደሞዝተኛው የታሰበው ማህበራዊ የጤና መድን የሚባለው ነው፣ ሰራተኛው 3 በመቶ አሰሪው 3 በመቶ እያዋጡ የሚሄድ፣ አዋጁ (690/2002) ከወጣ በኋላ ግን ተግባራዊ ሳይሆን ከአስር ዓመት በላይ ቆየ። ስለዚህ የፓርኩ ሰራተኛ በህግ "መደበኛ ሰራተኛ" ስለሆነች የመጀመሪያው ውስጥ አትገባም፣ ሁለተኛው ደሞ አልመጣላትም። አሰሪዋ ክሊኒክ ካለው እዚያ ትታያለች፣ ከዚያ የባሰ ከሆነ ከራሷ ኪስ ነው። በአገር ደረጃ ከጠቅላላ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛው ገደማ በቀጥታ ከታማሚው ኪስ እንደሚወጣ የጤና ወጪ ጥናቶች ያሳያሉ፣ ከኪስ የሚከፈል ህክምና ደሞ ሀብታሙንም ደሃውንም አንድ አይነት ዋጋ የሚጠይቅ በመሆኑ ለልዩነት ዋና በር ነው።

ከነጩ ጋውን በስተጀርባ

ሐኪሙና ነርሱም ገበያ ይሄዳሉ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በብዙ ከተሞች የደሞዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው ስራ እስከማቆም ሄደዋል። በጥር 2017 ደሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የጤና ሰራተኞች ኮንትራት ተቋርጧል። ደሞዝ ካልበቃ ባለሙያው ከሰዓት ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል ወይም አገር ለቆ ይወጣል፣ ልምድ ያለው ሰው የሚጎድለው ደሞ ከመንግስት ጤና ጣቢያ ነው፣ ጤና ጣቢያ የሚጠብቀው ደሞ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ነው።

የሚነሱ ክርክሮች

"ዋናው የግንዛቤ ችግር ነው፣ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም" የሚሉ አሉ። ግንዛቤ ይጎድላል፣ አይካድም፣ ግፊት ሳያም እንደሚገድል ያላወቀ ብዙ ነው። ግን ከላይ ያየናቸው እማማ "አውቃለሁ" ነው ያሉት። እውቀቱ ኖሮ ብሩ የጎደለበትን ሰው በትምህርት መሙላት አይቻልም።

"ደሞዝ ተጨምሯል" የሚለውም ትክክል ነው፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግስት ሰራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ 6,000፣ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ሆኗል፣ ከግብር ነጻ የሆነውም የገቢ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ለመምህሩም ለነርሱም ትርጉም አለው። ባጃጅ ነጂው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የግንባታ ቀን ሰራተኛው ግን እዚህ ውስጥ የሉም፣ ደሞዝ ተጨመረ ሲባል ግን አከራይ ይሰማል፣ የኪራዩ ጭማሪ ያልተጨመረላቸው ሰዎች ጋም ይደርሳል።

"የግል ክሊኒክ በየመንገዱ ተከፍቷል፣ ህክምና ተስፋፍቷል" የሚለው ደሞ ግማሽ መልስ ነው። የግሉ ዘርፍ ወረፋ ይቀንሳል፣ ምርመራም ያፈጥናል። ግን ክሊኒኩ የሚከፈተው በሽታ ባለበት ሰፈር ሳይሆን ከፋይ ባለበት ሰፈር ነው፣ ቢዝነስ ስለሆነ ሌላ አይጠበቅበትም።

በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር የብር ለውጡ ላይ የሚጭኑም አሉ፣ እሱም አያስኬድም። ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ከለውጡ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ጦርነቱም፣ ኮቪዱም፣ የነዳጅ የዓለም ዋጋም እጃቸው አለበት። መቀንጨሩም ከዚያ በፊት ነበረ። ውድነቱ የፈጠረው አዲስ ልዩነት ሳይሆን የነበረውን ያሰፋው ነው ቢባል ይቀርባል።

ከዚህ በኋላ ምን ይታያል?

አሁን የሚቀር መድኃኒት ውጤቱ ነገ አይታይም። ግፊትና ስኳር ዓመታት ይወስዳሉ፣ የመቀንጨር ጉዳቱም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ጎልቶ የሚታየው፣ ስለዚህ ንረቱ ረግቶ ሰው "አለፈ" በሚልበት ሰዓት ሆስፒታሎች ላይ የዘገዩ ታማሚዎች ሊበዙ ይችላሉ። ዘግይቶ የመጣ ታማሚ ደሞ ለራሱም ለመንግስትም ይወደዳል።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፦ የመድን ካርድን ተከራይ በሚኖርበት ከተማ እንዲመዘገብ አድርጎ ማላላት፣ ለግፊትና ለስኳር የሚሆኑ ርካሽ መሰረታዊ መድኃኒቶች ጤና ጣቢያ ላይ ጭራሽ እንዳይጠፉ ቅድሚያ መስጠት፣ የሁለት ወይ የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ሰጥቶ የባጃጅ ወጪና የቀረ የስራ ቀን መቀነስ፣ ለፓርክ ሰራተኞች ማህበራዊው መድን እስኪደርስ አሰሪና ሰራተኛ የሚያዋጡበት ጊዜያዊ መንገድ ማበጀት። የመጀመሪያው የአሰራር ለውጥ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ የመጨረሻው ግን አሰሪዎች ሊቃወሙት ይችላሉ፣ ትርፋቸው በርካሽ ጉልበት ላይ የቆመ ስለሆነ።

ጉዳቱ የት እንዳለ ለማወቅ ደሞ አዲስ ጥናት እስኪሰራ መጠበቅ አያስፈልግም። ግፊትና ስኳር የሚከታተል ጤና ጣቢያ የክትትል መዝገብ አለው፣ የታማሚው ስም፣ ቀበሌ፣ የመጣበት ቀን፣ የቀጠሮ ቀን ይጻፍበታል። ቀጠሮው አልፎ ያልመጡትን በቀበሌ በቀበሌ ለይቶ ማየት፣ ከዳቶ ስንት፣ ከቱላ ስንት፣ ከመሃል ከተማ ስንት ብሎ መቁጠር የአንድ ሳምንት ስራ ነው። ባዶ የሆኑት መስመሮች የአውዳሚ ወጪ ስሌት ያልቆጠራቸው ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውም ሰፈራቸውም እዚያው ተጽፏል።